የመንገድ ዳር ገበያን ነዋሪው ሲያቅደው፦ ከቃሊቲ እስከ አቃቂ

ከሳሪስ አቦ ቁልቁል ወርዶ በቃሊቲ በኩል አቃቂ የሚደርሰው አስፋልት የአዲስ አበባ ደቡባዊ በር ነው። ወደ ቢሾፍቱ፣ ወደ ሞጆና ወደ አዳማ የሚሄድ መንገደኛ ለብዙ አሥርት ዓመታት በዚሁ በር ሲወጣና ሲገባ ኖሯል። ከጅቡቲ የመጣ ጭነት ቃሊቲ ጉምሩክ ያርፋል፤ የፋብሪካ ሠራተኛ በፈረቃ ይገባል፣ በፈረቃ ይወጣል። ይህን እንቅስቃሴ ተከትሎ በመንገዱ ግራና ቀኝ ጎሚስታው፣ ብረት በያጁ፣ መለዋወጫ ሻጩ፣ ልኳንዳው፣ ምግብ ቤቱና አልጋ ቤቱ ተደረደረ። ማንም ቁጭ ብሎ ያቀደው ነገር አልነበረም። ሹፌሩና መንገደኛው ገንዘብ ይዞ ስለሚያልፍ ንግዱም ወደዚያው ተጠጋ።

በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ ሲከፈት ይህ ሁኔታ መለወጥ ጀመረ። በፍጥነት መንገዱ የሚጓዝ ሰው አቃቂ ላይ ቁርስ አይበላም፤ ጎማውንም እዚያ አያስነፋም። ዓመት ቆይቶ፣ በመስከረም 2008 ዓ.ም.፣ የቀላል ባቡሩ የሰሜን–ደቡብ መስመር እስከ ቃሊቲ አገልግሎት ጀመረ። ለሠራተኛው ርካሽ መጓጓዣ ሆነለት፤ በአንጻሩ ሐዲዱና አጥሩ በሚያልፍበት ሁሉ የመንገዱን ሁለት ዳር አራራቀው። ትናንት መንገድ ተሻግሮ ስኳር ይገዛ የነበረ ሰው አሁን ማቋረጫ ፍለጋ ረጅም ይሄዳል፣ አለበለዚያ በራሱ በኩል ያገኘውን ይገዛል። ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች ሰው ሲገባባቸው ደግሞ በምድር ቤታቸው የራሳቸውን ሱቆች ይዘው መጡ።

እንዲህ ያለ መንገድ በአንድ ጊዜ አይዘጋም፤ ቀስ በቀስ ይደክማል። አልጋ ቤቱ መጋዘን ይሆናል። ምግብ ቤቱ ግማሹን ለሞባይል ጠጋኝ ያከራያል። የሱቁ ባለቤት ነገ ምን እንደሚመጣ ስለማያውቅ ጣሪያውን አያድስም፤ ተከራዩም ውሉ አጭር ስለሆነ ገንዘቡን ግድግዳ ላይ አያፈስም። በ2016 ዓ.ም. በመሀል ከተማ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ዳር እየሰፋ ሲመጣ በዚህ ያለመተማመን ላይ ሌላ ጥያቄ ተደረበበት፦ ሥራው እኛ ጋ ሲደርስ ማን ይቀራል፣ ማን ይነሳል?

ይህ ጽሑፍ ነዋሪው ራሱ የሚመራው ዕቅድ ምን ማለት እንደሆነ፣ ሕጉ ምን ያህል ቦታ እንደሚሰጠውና ሥራው ከየት እንደሚጀመር ለማስረዳት ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ነዋሪው በመንገዱ ላይ ማን እንደሚሠራና በምን መብት እንደሚሠራ ራሱ ቆጥሮ ካልጠበቀ፣ በኋላ የሚጠራው ስብሰባ ሁሉ የአምፖልና የቀለም ምርጫ ከመሆን አያልፍም። ከሁሉ በፊት መቆጠር ያለባቸው ደግሞ የይዞታ ካርታ የሌላቸው ሰዎች ናቸው።

ሕጉ የሚያየውና የማያየው

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ዜጎች በልማት የመሳተፍ፣ በተለይም ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ከዚህ በታች የሚወርደው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ነው። አዋጁ ፕላንን በሁለት ደረጃ ይከፍለዋል። አንደኛው መላ ከተማውን የሚሸፍነው መዋቅራዊ ፕላን ነው፤ ዋና ዋና መንገዶች በየት እንደሚያልፉ፣ የትኛው ቦታ ለመኖሪያ፣ ለኢንዱስትሪ ወይም ለቅይጥ አገልግሎት እንደሚውል ይወስናል። ሁለተኛው የአካባቢ ልማት ፕላን ይባላል። ይህ የከተማውን አንድ ክፍል ብቻ ይዞ ወደ ዝርዝሩ ይገባል፦ የሕንፃ ከፍታ፣ የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ አረንጓዴ ቦታ፣ የመሠረተ ልማት መስመር።

ለመንገድ ዳር ነጋዴ ዋናው ይህ ሁለተኛው ነው። ብዙ ሰው አቤቱታ የሚጀምረው ቀይ ቀለም ግድግዳው ላይ ሲቀባ ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን የመንገዱ ስፋትና ወሰን ተወስኖ አልቋል፣ የቀረው ወሰን ማስከበር ብቻ ነው። የአካባቢ ልማት ፕላን ገና በጥናት ላይ ሳለ የሚቀርብ አንድ ገጽ ማስረጃ፣ ከውሳኔ በኋላ ከሚጻፍ አሥር ገጽ አቤቱታ ይበልጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ወደ ወረዳው ወይም ወደ ክፍለ ከተማው ሄዶ ለመንገዱ የአካባቢ ልማት ፕላን ወጥቶ እንደሆነ፣ እየተጠና እንደሆነ ወይም ጨርሶ እንዳልተጀመረ መጠየቅ ነው። መልሱ ቀላል ይመስላል፤ ቀጥሎ የሚደረገው ሁሉ ግን በእሱ ላይ ይወሰናል።

ሦስተኛው ሊታወቅ የሚገባው ሕግ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል የመሬት ይዞታ የሚለቀቅበትን፣ ካሣ የሚከፈልበትንና ተነሺዎች መልሰው የሚቋቋሙበትን ሁኔታ የሚወስነው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው። ከወጣ ወዲህ የተሻሻለ ስለሆነ ጉዳይ ያለው ሰው ማሻሻያውንም አብሮ ማንበብ አለበት። በዚህ አዋጅ ውስጥ በስብሰባዎች ላይ ብዙም የማይነሳ አንድ ድንጋጌ አለ። በከተማ ፕላን መሠረት መልሶ እንዲለማ በተወሰነ አካባቢ የሚገኙ ባለይዞታዎች፣ ይዞታቸውን ፕላኑ በሚያዘው መንገድ በግል ወይም በጋራ ለማልማት የቅድሚያ መብት አላቸው ይላል። «በጋራ» የምትለዋን ቃል አጥብቄ አሰምርባታለሁ። እያንዳንዳቸው ጠባብ ይዞታ ያላቸው አምስትና ስድስት ጎረቤታሞች ለየብቻ ፎቅ መሥራት አይችሉም፤ ፕላኑ የሚጠይቀውን ስፋትም አያሟሉም። ካርታቸውን አጣምረው፣ ተስማምተው፣ አቅማቸውን አሳይተው ከቀረቡ ግን ሕጉ የሚሰማቸው ቦታ አለ። ይህ የሚሆነው ጎረቤታሞቹ አስቀድመው ከተነጋገሩ ብቻ ነው። ማስታወቂያ ከደረሰ በኋላ ስድስት ቤተሰብ በአንድ ወር ውስጥ የንብረት ሽርክና አይመሠርትም፤ በስድስቱ ቤት ውስጥ ያልተቋጨ የውርስ ጉዳይ ያለበት አንድ ቤት እንኳ ቢገኝ ሥራው ይቆማል።

እስካሁን የጠቀስኩት ሁሉ ግን የሚናገረው ስለ ባለይዞታ ነው። በመንገዱ ዳር ሱቅ ከፍቶ የተቀመጠው ሰው ደግሞ በአብዛኛው ባለይዞታ አይደለም፤ ተከራይ ነው። የመኖሪያ ቤት ተከራይን የሚጠብቀው አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቢያንስ የሁለት ዓመት ውልና ቁጥጥር ያለበት የኪራይ ጭማሪ አምጥቷል፤ አዋጁ የሚመለከተው ግን የመኖሪያ ቤትን ብቻ ነው። ሱቅ አይመለከተውም። ልብስ ሰፊዋ፣ ጸጉር አስተካካዩ፣ ጎሚስታው የሚኖሩበት ክፍል በሕግ ሲጠበቅ፣ የሚኖሩበትን ገቢ የሚያገኙበት ክፍል በአከራዩ ፈቃድ ላይ ብቻ ቆሟል። ከተከራዩ በታች ደግሞ በሱቁ በረንዳ ላይ የተቀመጠች ጉልት ቸርቻሪ አለች፤ እሷ የጽሑፍ ውልም የላትም። የመንገዱ ሕይወት የሚመነጨው ከእነዚህ ሰዎች ነው። ማታ መንገዱን ሰው የሚያየው እነሱ ስላሉ ነው፤ መንገዱ ሲነሳ ግን ቀድሞ የሚጠፋው ስማቸው ነው።

መቁጠር

መሐንዲስ ቀጥሮ ማስነደፍ የመጀመሪያው ሥራ አይደለም፤ ነዋሪው ከመንደፉ በፊት መቁጠር አለበት። ለመቁጠር ደግሞ ሰፈሩ ከበቂ በላይ አቅም አለው። እድር የአባላቱን ስም፣ የቤት ቁጥርና ስልክ በመዝገብ ይዟል፤ ድንኳንና ወንበር አለው፤ ገንዘብ ያዥና ጸሐፊ አለው፤ ከሁሉ በላይ ሰው ያምነዋል። በወረዳው ሥር ያሉት ቀጠናና ብሎክም ቤት ለቤት የመድረስ ልምድ አላቸው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሱ ወጣቶች ወረቀትና እርሳስ ይዘው በሁለት ቅዳሜ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ይጨርሱታል።

ምን ይመዘገባል? ለእያንዳንዱ በር አንድ መስመር ይበቃል። የሥራው ዓይነት፤ ስንት ሰው እንደሚሠራበት፤ ቤቱ የግል ይዞታ ይሁን፣ የቀበሌ ንግድ ቤት ይሁን፣ የኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ይሁን፣ ኮንቴይነር ወይም ሸራ ይሁን፤ የሚሠራው ሰው ባለቤት ነው ወይስ ተከራይ፤ ከመቼ ጀምሮ እዚያ እንደሠራ። ኪራዩን የሚናገር ካለ ይጻፋል፣ የማይፈልግ አይገደድም። በተለይ ግብርን በተመለከተ የሚያስፈራ ጥያቄ ከመዝገቡ መውጣት አለበት፤ ነጋዴው ቆጣሪውን እንደ ግብር ሰብሳቢ ካየው ከዚያ በኋላ የሚሰጠው መልስ ሁሉ ዋጋ የለውም። በዚሁ መዝገብ ላይ በር የሌላቸውም ይገባሉ። ከልኳንዳው ፊት ቃሪያና ሽንኩርት የምትሸጠዋ፣ በታክሲ ተራው ጥግ የሚቀመጠው ሊስትሮ፣ ማታ በቆሎ የምትጠብሰዋ። ከመዝገቡ ጋር የመንገዱ ካርታ አብሮ ይሣላል፤ ቦታቸው በዚያ ላይ በነጥብ ይመላከታል፤ የሚሠሩበት ሰዓትም ይጻፋል።

ሰዓቱ ያልተጻፈ እንደሆነ ትልቅ ስህተት ይከተላል። ባለሙያ መንገድ የሚያየው በሥራ ሰዓት ነው፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት መጥቶ ባዶ የሆነ የእግረኛ መንገድ አይቶ ይሄዳል። ያው ቦታ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መተላለፊያ አይኖረውም። የፋብሪካ ፈረቃ ሲለቀቅ፣ ተማሪ ሲወጣ፣ ከባቡር የወረደው ሰው ወደ ታክሲ ሲሻገር አንድ ላይ ይገናኛሉ። ስለዚህ እግረኛው በጠዋት፣ በቀትርና በምሽት ይቆጠራል። ሰው በየት እንደሚሻገርም ይታያል። በአጥሩ ላይ ብረት ተጣምሞ ቀዳዳ የተከፈተበት ቦታ ካለ ያ ቀዳዳ ስንት ሰው እንደሚያስተላልፍ ይመዘገባል፤ ማቋረጫ መሠራት የነበረበት እዚያ እንደነበር የሚመሰክር ማስረጃ ነውና። በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር ነው፤ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት መካከልም አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ከባድ መኪና በሚያልፍበት እንደ ቃሊቲ ባለ መንገድ ላይ የማቋረጫ ጉዳይ የመዋቢያ ነገር አይደለም።

ሌላው ቦዩ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በመንገድ ዳር ንግድ ላይ ከሁሉ ይልቅ ገንዘብ የሚበላው እሱ ነውና። ሱቆቹ ፊት ለፊት የጎርፍ መውረጃ ቦይ ያልፋል። አንዱ ባለሱቅ ደንበኛ እንዲገባለት በቦዩ ላይ የሲሚንቶ ንጣፍ ያስቀምጣል። ጎረቤቱ ንጣፍ መግዛት አቅቶት አሸዋና ጠጠር ሞልቶ ይደለድለዋል። ሦስተኛው የብረት ፍርግርግ ሠርቶ ነበር፣ ሌሊት ተሰርቆበታል፤ አሁን ክፍት ነው፣ ላስቲክና የጫት ገለባ ይገባበታል። ክረምት ሲመጣ ውኃው ከላይ ጀምሮ ይወርድና አሸዋ የሞላበት ሱቅ ጋ ሲደርስ መሄጃ ያጣል። የሚገባው ግን አሸዋ በሞላው ሰው ሱቅ አይደለም፤ ከእሱ በላይ ባለው ነው። ዱቄት ነጋዴው ኩንታሉን በጣውላ ላይ አስቀምጦ ሌሊቱን ሲጠብቅ ያድራል። ሁለቱ ጎረቤታሞች በዓመት አንድ ጊዜ ይጣላሉ፣ ሽማግሌ ያስታርቃቸዋል፣ ቦዩ ግን እንደነበረ ይቀራል።

ይህንን አንድ ሰው ለብቻው መፍታት አይችልም፤ ጥያቄውም በተናጠል ከሄደ ወረዳው ሠራተኛ ልኮ አንዱን ቦታ ያስጠርጋል። ቦዩ ከላይ እስከ ታች በየሱቁ ፊት ምን እንደሆነ በአንድ ወረቀት ላይ ከተሣለ ግን ውኃው የት የት እንደታነቀ ማንም ሰው ያየዋል። ከጋራዡና ከዘይት መቀየሪያው የሚፈሰው ጥቁር ዘይትም በዚሁ ሥዕል ላይ ይታያል። ዘይቱ በቦዩ ወርዶ ወደ አቃቂ ወንዝ፣ ከዚያም ወደ አባ ሳሙኤል ይሄዳል፤ በወንዙ ዳር ደግሞ ጎመንና ሰላጣ የሚያለማ ገበሬ አለ፣ አትክልቱም ተመልሶ ወደዚሁ ገበያ ይመጣል። የጋራዦቹን የተቃጠለ ዘይት በበርሜል የሚያጠራቅም አንድ የጋራ ቦታ ማዘጋጀት ብዙ ወጪ የማይጠይቅ፣ ከማንኛውም የአበባ መትከያ ግን የሚበልጥ ሥራ ነው።

የማይስማሙ ፍላጎቶች

መዝገቡና ካርታው ሲያልቅ ክርክሩ ይጀምራል፤ መጀመርም አለበት። አንዱ የሚፈልገውን ሌላው የማይፈልገው ነገር በየሜትሩ ስላለ ነው። የግንባታ ዕቃ ነጋዴው ደጃፉ ላይ አይሱዙ ቆሞ ብረት እንዲያወርድለት ይፈልጋል፤ አጠገቡ ያለው ካፌ በዚያው ቦታ ወንበር ማውጣት ይፈልጋል። ባለሱቆች ጉልቷ ከበረንዳቸው እንድትነሳ ይጠይቃሉ፤ ሆኖም ሽንኩርት ሊገዛ የመጣው ሰው ነው ወደ ሱቃቸው ዘይት ሊገዛ የሚዘልቀው። የታክሲ ተራው ከምግብ ቤቱ ፊት ከተነሳ የምግብ ቤቱ ሽያጭ ይወድቃል፤ ካልተነሳ ደግሞ እግረኛው አስፋልት ላይ ይወጣል።

ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ በቦታ ሳይሆን በሰዓት ይፈታሉ። ጭነት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት ወይም ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ብቻ እንዲራገፍ መስማማት ይቻላል። ጉልት ለተወሰነ የምሽት ሰዓት የተሠመረለት ቦታ ማግኘት ይችላል። የእሁድ ገበያ በየክፍለ ከተማው ሲጀመር አንድ ነገር አሳይቷል፦ አንድ ቦታ በሳምንት ስድስት ቀን ለአንድ ሥራ፣ በሰባተኛው ቀን ለሌላ ሥራ ሊውል ይችላል። ከአርሶ አደር በቀጥታ የመጣ ምርት በደከመ የመንገድ ክፍል ላይ እሁድ እሁድ ቢሸጥ፣ የዚያ ክፍል ባለሱቆች ያጡትን እግረኛ በሳምንት አንድ ቀን ያገኙታል።

መስማማት ያልተቻለበት ነገር ደግሞ በጊዜያዊ መንገድ ይሞከራል። ለገሃር መስቀለኛ መንገድ ላይ ከዓመታት በፊት የተደረገው ይህ ነበር፤ ቋሚ ግንባታ ሳይገባ በፊት በቀለምና በጊዜያዊ መከለያ ለእግረኛው ቦታ ተሰጥቶ የመኪናው አካሄድ ታየ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው «መንገድ ለሰው»ም ለተወሰነ ሰዓት መኪና ሲቆም መንገዱ ምን እንደሚመስል ለብዙ ሰው በዓይኑ አሳይቷል። በአቃቂም ቢሆን የታክሲ ተራው ወደ አዲስ ቦታ ይዛወር ከተባለ፣ ለአንድ ወር በቀለምና በጎማ ተከልሎ ይሞከር። ሽያጩ የወረደበት ነጋዴ በቁጥር ይናገር፣ አላስፈላጊ ሆኖ ከተገኘ ቀለሙ ይፋቃል። ድንጋይ ከተነጠፈ በኋላ ግን ማንም አያነሳውም።

በስብሰባው ላይ የሌለው ሰው

ነዋሪው የሚመራው ዕቅድ ተብሎ የጥቂት ሰዎች ዕቅድ ሆኖ የሚያልቅበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ምክንያቱ ክፋት ብቻ አይደለም፤ የስብሰባ ሰዓትም ነው። እሁድ ከቅዳሴ መልስ የሚጠራ ስብሰባ ላይ ባለቤቶችና ጡረተኞች ይመጣሉ፤ እሁድን የምትሸጥበት ሴት አትመጣም። የሥራ ቀን ማታ የሚጠራው ላይ ደግሞ ተከራዩ ሱቁን ዘግቶ መምጣት አለበት። ለዚህ ፍቱኑ ነገር ሰብሳቢዎቹ ራሳቸው ወደ ሰዎቹ መሄዳቸው ነው። የተጠቀለለ ካርታ ይዘው ከጉልቷ አጠገብ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው፣ «እማማ፣ ይህ እርስዎ የሚቀመጡበት ቦታ ነው፤ ቦይ ሲሠራ የት ቢሆን ይሻልዎታል?» ብለው ቢጠይቁ በአዳራሽ የማይገኝ መልስ ያገኛሉ። ጥላው በየትኛው ሰዓት በየት በኩል እንደሚወድቅ፣ ሌሊት የትኛው ጥግ እንደሚያስፈራ፣ የሽንት ቤት እጥረት ለሴት ነጋዴ ቀኑን ሙሉ ውኃ አለመጠጣት ማለት እንደሆነ የምታውቀው እሷ ናት።

ቋንቋም አለ። በአቃቂ ገበያ ላይ አማርኛና ኦሮምኛ እኩል ይሰማሉ፤ ብዙ አምራችና ገዢ የሚመጣው ከገላን አቅጣጫ ነው። ገላን ዛሬ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ነው። የአስተዳደሩ ወሰን መንገዱን ቢቆርጠውም ገበያው አይቆረጥም። ስለዚህ ጥሪውና መጠይቁ በሁለቱም ቋንቋ መዘጋጀት አለበት፤ ከወሰኑ ወዲያ ያሉ ሻጮችም በመዝገቡ መግባት አለባቸው። በወረዳ ወሰን ላይ የሚቆም ዕቅድ የገበያውን ግማሽ ሳያይ ያልቃል።

አስተባባሪ ኮሚቴው ሲመረጥ ባለይዞታ፣ የሱቅ ተከራይ፣ የመንገድ ላይ ነጋዴ፣ የታክሲ ተራ አስከባሪና በንግድ ሥራ ያልተሰማራ ነዋሪ ቢኖሩበት ይመረጣል። ከዚህ ውስጥ በአግባቡ ካልተያዘ ሁሉን የሚያበላሸው በባለቤትና በተከራይ መካከል ያለው ጉዳይ ነው። መንገዱ ሲያምር ኪራይ ይጨምራል። መንገዱን ለማሳመር ያዋጣው ተከራይ ባዋጣው ገንዘብ ምክንያት ከተባረረ፣ በሚቀጥለው መንገድ ላይ ማንም አንድ ብር አያወጣም። ሕጉ ለሱቅ ተከራይ ጥበቃ እስኪያደርግ ድረስ በስምምነት መያዝ ይቻላል፦ ባለቤቱ ለምሳሌ ለሦስት ዓመት ኪራዩን ከተወሰነ በላይ ላለመጨመር ይፈርማል፤ ተከራዩ የፊት ግድግዳውንና የቦዩን ክዳን ድርሻ ይሸፍናል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ምስክር ይኑረው።

ገንዘቡና ወረቀቱ

የኮብልስቶን መንገዶች በየሰፈሩ ሲነጠፉ ነዋሪው ድርሻውን አዋጥቶ፣ መንግሥት ቀሪውን ሸፍኖ የተሠራበት ልምድ አለ። ሰው ገንዘቡን ያወጣው ሥራው ደጁ ላይ ስለነበረና ሲሠራ ስላየው ነው። ለዋናው መንገድ ይህ ስልት አይሠራም። አስፋልት፣ ዋና የፍሳሽ መስመርና የኤሌክትሪክ ምሰሶ ማዛወር የመንግሥት ወጪ ነው፤ ነዋሪው እነዚህን አዋጣ ሊባል አይገባም። ነዋሪው ሊሸፍን የሚችለው ከበሩ እስከ ቦዩ ያለውን ነው፦ ክዳን፣ የበረንዳ መብራት፣ ጥላ፣ ወጥ የሆነ ማስታወቂያ ሰሌዳ፣ የዛፍ ውኃ። የሕዝብ መጸዳጃ ደግሞ በወጣቶች ማኅበር እየተከፈለበት እንዲሠራ ቢደረግ የጽዳትና የጥበቃ ደመወዙን ከገቢው ሊያገኝ ይችላል።

የጊዜ ጉዳይም አለ። የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው፤ የሚቀጥለው ዓመት ሥራ ዝርዝር ግን ከዚያ ብዙ ወራት ቀድሞ ይዘጋጃል። በግንቦት የቀረበ ጥያቄ፣ ምንም ቢያምር፣ ለዚያ በጀት ደርሶ አይያዝም። ቆጠራውን ከክረምት በኋላ፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ቢያካሂዱት፣ ክርክሩን በታኅሣሥ ጨርሰው ጥር ላይ ጥያቄውን ማስገባት ይችላሉ። ቦዩን ግን ሐምሌ ላይ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ በስልክ ፎቶ ማንሳት ይሻላል፤ በጋ ላይ የተነሣ ደረቅ ቦይ ማንንም አያሳምንም።

ጥያቄው ለወረዳው ብቻ አይገባም። መንገዱን የሚሠራው መሥሪያ ቤት፣ ፕላን የሚያወጣው፣ የትራፊክ ፍሰትን የሚያስተዳድረው፣ ውኃና ፍሳሽ፣ መብራት፣ ቴሌ እያንዳንዳቸው በዚህ አስፋልት ዳር የየራሳቸው ጉዳይ አላቸው፤ አንዱ የደፈነውን ሌላው መልሶ ሲቆፍር ዓይተናል። ከአንድ ገጽ ማመልከቻ ጋር ካርታው፣ የመዝገቡ ማጠቃለያና ፎቶዎቹ ተያይዘው ለሁሉም በግልባጭ ይሰጣሉ። በማጠቃለያው ላይ የሰው ስምና ስልክ አይጻፍ፤ ስንት ባለይዞታ፣ ስንት የሱቅ ተከራይ፣ ስንት የመንገድ ላይ ነጋዴ እንዳለና ስንት ቤተሰብ ከዚያ እንደሚተዳደር ይበቃል። ዋናው መዝገብ በእድሩ ሳጥን ይቆያል። ማመልከቻው መዝገብ ቤት ሲገባ በቅጂው ላይ ማኅተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር ማስደረግ አይረሳ፤ ኃላፊ በሚቀየርበት ቀን የሚቀረው ያ ቁጥር ብቻ ነው።